ስለ ውሻና ስለ ድመት አመጋገብ

የመጽሔታችን አንባብያን ሆይ፤ ለዘንድሮው እትም የመረጥሁት ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። «ስለ ውሻ ምሳ ደግሞ ይጻፋል ወይ?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ሆኖም ነገሩ የውሻ ብቻ ሳይሆን፥ ከውሻው ጋር በግቢ ውስጥ የሚጫወቱት የታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጉዳይ መሆኑን አንብቦ የሚጨርስ ሁሉ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። በጽሑፌ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእኛ አገር፥ ማለት በመቱ፥ በጎሬ፥ በቡሬ፥ በሁሩሙና በያዮ፥ እንዲሁም ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር በምትገኘው በበደሌ ከተማ፥ ውሻ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። በኦሮምኛ ውሻው «ሰሬ»፥ ድመቷም «አዱሬ» ትባላለች። ውሻው ሌሊት ደጅ ይጠብቃል፤ በገጠርም በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ከዝንጀሮና ከጦጣ፥ ማታ ደግሞ ከዱር አሳማ ጋር ሲታገል ያድራል። ድመቷም አይጥን ከጎተራ ታርቃለች። ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የምንከፍላቸው ደመወዝ ግን ምንድን ነው? ከገበታ የተረፈ፥ ከቢላዋ የወደቀ፥ ወይም ሻግቶ ሰው የጠላው ነገር ነው። እኛ የማንፈልገውን ስለምንሰጣቸው ምን እንደ ሆነ መርምረን አንሰጥም፤ ብዙው በሽታም የሚገባው በዚሁ በር ነው።

አስቀድሜ ስለ ቅርጫ ልናገር። በመስቀልና በፋሲካ ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ሲጥል፥ በዓረፋም በየግቢው በግ ሲታረድ፥ ሳይጠሩ የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ እነዚህም የሰፈሩ ውሾች ናቸው። ብልት አውጪው ሥጋውን በመደብ በመደብ እየለየ ሲያስቀምጥ፥ ሳንባውን ወይም ጉበቱን ገልብጦ ያየዋል። ውሃ የቋጠረ፥ ነጣ ያለ ዕብጠት ካገኘበት «ይህስ አይበላም» ብሎ ቆርጦ ይወረውረዋል። የሚወረወረው ወዴት ነው? ወደ ውሻው ነው። ብልት አውጪው ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ ለሰው የማይሆን ለውሻ ይሆናል የሚል የቆየ ልማድ ስላለ ነው።

ያ ውሃ የቋጠረ ዕብጠት በሳይንስ ሃይዳቲድ ይባላል። በውስጡ እጅግ ብዙ የትል ራሶች አሉበት። ውሻው ጥሬውን ሲበላው እነዚህ ራሶች በአንጀቱ ላይ ተጣብቀው እያንዳንዳቸው አንድ የኮሶ ትል ይሆናሉ። ትሉ ኮሶ ቢባልም እኛ እንደምናውቀው ረጅም ኮሶ አይደለም፤ ርዝመቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በአንድ ውሻ አንጀት ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ ትሎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ውሻው ግን ይበላል፥ ይጠጣል፥ ይጮኻል፤ ምንም የታመመ አይመስልም። ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ትሉ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉም ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሣሩ፥ በጎመኑ፥ በውሃውና በውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በሬና በግ ከሣሩ ጋር ይበሉታል፤ በሳንባቸውና በጉበታቸውም እንደ ገና ዕብጠቱ ይበቅላል። ሰውም ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቈርስ እንቁላሉን ይውጠዋል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ የሚያድገው ከረጢት የሚያድገው ቀስ ብሎ በብዙ ዓመታት ስለ ሆነ፥ በልጅነት የገባው ጎልማሳ ሲሆኑ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም።

በዚህ ቦታ አንድ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰዎች ይህ በሽታ ጥሬ ጉበት ወይም ዱለት በመብላት የሚመጣ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ረጅሙ ኮሶ ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ እርግጥ ነው፤ የሃይዳቲድ በሽታ ግን ሰውን የሚይዘው ከውሻ በሚወጣው እንቁላል በኩል ነው። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው እንኳ፥ የጎረቤት ውሻ በጓሮ ጎመኑ መካከል የሚመላለስ ከሆነ ከአደጋው ውጭ አይደለም። ታናሽ እኅቴ ውሻችንን አንገቱን ዐቅፋ ስትስመው ባየሁ ቁጥር የሚታሰበኝ ይህ ነው። ውሻውን ማባረር ግን መድኃኒት አይሆንም፤ ከልጅቷም ከውሻውም ጋር መጣላት ነው። መድኃኒቱ ውሻው የሚበላውን ማወቅ ነው።

ይህ እንደሚቻል የአይስላንድ ሰዎች አሳይተዋል። አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የበግ አገር ናት። በ1863 ሀራልድ ክራቤ የሚባል የዴንማርክ የእንስሳት ሐኪም ወደዚያ ሄዶ የ100 ውሾችን አንጀት ቢመረምር በ28ቱ ውስጥ ይህን ትል አገኘ። ከዚያም በሽታው ከምን እንደሚመጣና ሕመም የያዘው የበግ ሆድ ዕቃ ለውሻ እንዳይሰጥ የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ በሕዝቡ ቋንቋ ጽፎ በነጻ ለየቤቱ ታደለ። ሕዝቡ ማንበብ የሚወድ ነበርና መጽሐፉን አነበበ፤ ሕግም ተከተለው፤ ቄራዎችም ተሠሩ። በሃያኛው መቶ ዓመት ውስጥ በሽታው ከአገሪቱ ጠፋ። ያን ጊዜ ለውሻ የሚሆን ጥሩ የትል መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር፤ ድሉ የተገኘው በአብዛኛው የውሻን አፍ በመጠበቅ ነው።

በእኛ ቅርጫ ላይ ሊደረግ የሚገባው አድካሚ አይደለም። በሬው ከመታረዱ በፊት አንድ ጎልማሳ ወይም እንደ እኛ ያለ ተማሪ ውሻ ቈፍሮ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቈፍር፤ ዕብጠት ያለበት ሁሉ እዚያ ገብቶ በአፈርና በድንጋይ ይደፈን። ደኅና የሚመስለውን ሳንባና የሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት የፈለገ ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ በሚፈላ ውሃ አብስሎ ይስጥ። ትሉን የሚያስወጣው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒትም አለ፤ በሽታው በጸናባቸው አገሮች ለውሾች በየስድስት ሳምንቱ የሚሰጡት ትሉ እንቁላል ሳይጥል ለመቅደም ነው። የሚወሰደውን መጠን የእንስሳት ሐኪም በውሻው ክብደት ይወስናል። ለድመትም ቢሆን ሥጋውን ማብሰል ይገባል፤ ጥሬ ሥጋና አይጥ የምትበላ ድመት ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ጥገኛ ልታስተላልፍ ትችላለችና፥ ነፍሰ ጡር እናቶች የድመት ዓይነ ምድር ባይጠርጉ ይመረጣል።

አሁን ወደ ጾሙ ልለፍ። የእኛ ውሾች የሚበሉት በቀን መቍጠሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በጾመኛ ቤት ያለ ውሻም ሳይጠየቅ ይጾማል። በትግራይ ስለ ጅቦች ተጠንቶ በ2012 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው፥ ጅቦቹ በዐቢይ ጾም ከሥጋ ቤትና ከየቤቱ የሚጣለው ሲቀርባቸው ከወትሮው አብልጠው አህያ ወደ ማደን ዞረው ነበር። ውሻ አህያ አያድንም፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ሰፈር ይዞራል፥ ከማያውቀው ውሻ ጋር ይነካከሳል፥ በዚህም የእብድ ውሻ በሽታ ሊያገኘው ይችላል። በቤቱ የጠገበ ውሻ ያነሰ ይዞራል። ክትባቱ በዓመቱ መሰጠት እንዳለበት መቼም ሁላችንም ሰምተናል።

ውሻ ያለ ሥጋ ጥቂት ጊዜ መሰንበት መቻሉ ምክንያት አለው። በ2013 የወጣ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት እንደ ገለጠው፥ ውሻ ከተኵላ ተለይቶ ከሰው ጋር ሲኖር እህል የመፍጨት ኀይል በተፈጥሮው ጨምሯል። ስለዚህ እንጀራ፥ ቂንጬና ገንፎ ይጠቅመዋል፤ ባቄላና ምስር ተቀቅሎ ሲጨመርበት ደግሞ የተሻለ ይሆናል። ድመት ግን እንዲህ አይደለችም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ነገር በበቂ ሁኔታ ራሷ መሥራት አትችልም፤ የምታገኘውም ከሥጋ ብቻ ነው። ታውሪን ያነሳት ድመት ዓይኗ ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ በ1975፥ ልቧም እንደሚደክም በ1987 ታወቀ። ሜዳ ለሜዳ የምትዞር ድመት በአይጥ ራሷን ታድናለች፤ በቤት ተዘግታ ሽሮ ፍትፍት ብቻ የሚሰጣት ድመት ግን በውሻ ጾም መጾም አትችልም። በጾም ቤት ያላችሁ፥ የድመቷን ሥጋ በተለየ ድስት ቀቅሉላት፤ ታውሪን በውሃ ውስጥ የሚሟሟ ስለ ሆነ የተቀቀለበትንም ውሃ አቀዝቅዛችሁ ስጧት። ሰው ለራሱ ይጾማል፤ ድመት ንስሐ የምትገባበት ኀጢአት የላትም!

ከጾሙ ይልቅ አንዳንድ ጊዜ የሚከፋው ፍሲኩ ነው። ሁለት ወር እንጀራ ሲበላ የከረመ ውሻ በፋሲካ ማግሥት ሞራና ጮማ እንደ ልቡ ሲያገኝ ቆሽቱ ሊቈጣ ይችላል፤ ያስመልሰዋል፥ ጀርባውን አጉብጦ ሆዱን ያማል፥ ምግብም እንቢ ይላል። ይህን ያዩ ሰዎች «መርዝ አበሉብኝ» ብለው ጎረቤት ሲጠረጥሩ ሰምቻለሁ። መርዙ ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ቤት የወጣ ጮማ ነው። በበዓል ጊዜ የሥጋው ትርፍ በጥቂት በጥቂቱ፥ ስቡ ተገፎ ይሰጠው።

ስለ ወጥ ደግሞ የምናገረው ለእናቶቻችን ሳይከብድ አይቀርም። ወጣችን የሚቆመው በሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራሉ። ቢቁላላም ቢደርቅም ጠባዩ አይለወጥም። ድመት በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ያህል ሽንኩርት ከበላች ደሟ ላይ ጕዳት ይታያል፤ እንግዲህ ለ4 ኪሎ ድመት 20 ግራም ብቻ ማለት ነው፤ ይህም የአንድ ትንሽ ሽንኩርት ቍራጭ ነው። ውሻ ከዚህ የበለጠ ይችላል፤ ነገር ግን የዶሮ ወጥ ድስት ታጥቦ የሚደፋለት ውሻ የሚያገኘው ጥቂት አይደለም። ምልክቱ በዕለቱ ሳይሆን ከጥቂት ቀን በኋላ ይመጣል፤ ድዱ ይነጣል፥ ይደክመዋል፥ ሽንቱ ይቀላል። ስለዚህም ማንም ከወጡ ጋር አያገናኘውም። ለእንስሶቹ የሚሆነው ሥጋ ወይም ሳንባ ሽንኩርት፥ በርበሬና ጨው ሳይገባበት አስቀድሞ ቢወጣላቸው ችግሩ ያልቃል።

የዶሮ ነገር ከተነሣ፥ ከዐሥራ ሁለቱ ብልት የሚተርፈው አጥንት ለውሻ አደገኛ ነው። የበሰለ የወፍ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፤ ጕሮሮን ወይም አንጀትን ይወጋል። ትልቅ የበሬ አጥንት ሰው አጠገቡ ሆኖ ቢግጥ ይሻላል።

ደግሞ ቡና አለ። በቡና አገር ተወልደን ይህን አለማወቃችን ያስገርማል፦ ቡና ለውሻና ለድመት መርዝ ነው። በቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን እኛን ያነቃል፤ እነርሱን ግን ልባቸውን ያስሮጣል፥ ያንቀጠቅጣቸዋል፥ ሲበዛም ይገድላል። ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ ጀበናው ሲገለበጥ አተላው ደጅ ላይ አይፈሰስ፤ የተቈላውም ቡና በወለል ላይ ተሰጥቶ አይተው። ቸኮላትም በዚሁ ዓይነት ይጎዳቸዋል። የጠላ አተላም ለከብት እንጂ ለውሻ አይሆንም።

አገራችን ከኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አንዷ ናት። ክረምቱ ረጅም ስለ ሆነ በቆሎው በጎተራ ይሻግታል፤ ሰው ሲጠላው ለውሻ ይቀቀላል። የሻገተ በቆሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ መርዙም በመቀቀል አይጠፋም፤ የውሻንም ጉበት ያጠፋል። ሰው የማይበላውን ሻጋታ ውሻም አይብላ። የአይጥ መርዝ ነገርም እንዲሁ ነው፦ ለአይጥ መርዝ ያስቀመጠ ሰው መርዝ የበላችውን አይጥ ድመቱ እንደምትበላት ያስብ። ድመት ባለበት ቤት ወጥመድ ይሻላል።

እንግዲህ ስለ ክብደት። ከሰው አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ነገር «ውሻ ከጠገበ አይጠብቅም» የሚለው ነው። እኔ አልስማማም። የተራበ ውሻ ቍራሽ ሥጋ ከሚወረውርለት ሌባ ጋር ይወዳጃል፤ ወይም ሌሊቱን ቈሻሻ ሲያገላብጥ ያድራል እንጂ በር ላይ አይገኝም። በቆሎ ሲጠብቅ የሚያድር ውሻማ ከታሰረው ውሻ ይልቅ ብዙ መብላት አለበት።

ውሻ መክሳቱን ወይም መወፈሩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እጃችሁን በጎድኑ ላይ አሳልፉ። ጎድኑ ሳይጫኑት በጣት የሚቈጠር፥ ለዓይን ግን ጎልቶ የማይታይ ከሆነ ደኅና ነው። ከላይ ሲያዩት ወገቡ ጠበብ፥ ከጎን ሲያዩት ሆዱ ወደ ላይ ሰብሰብ ማለት አለበት። ጎድኑና ዳሌው ከሩቅ የሚቈጠር ውሻ ከስቷል፤ ጎድኑን ፈልገው የሚያጡት ደግሞ ወፍሯል። የከሳውን ሁሉ በምግብ ብቻ አድናለሁ ማለት አይገባም። እየበላ የሚከሳ ውሻ የአንጀት ትል ሊኖርበት ይችላል፤ እንደ ዴዴሳ ሸለቆ ባለ የቆላ ዝንብ በሚገኝበት ቦታ የኖረ ውሻ ደግሞ ከብቱን የሚይዘው ገንዲ እርሱንም ይይዘዋል፤ ይከሳል፥ ደሙ ያንሳል፥ አንዳንድ ጊዜም ዓይኑ ይደፈርሳል። በበደሌ የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ መኖሩን ብዙ ሰው የሚያውቀው ለከብት ብቻ ነው።

የወፈረ ውሻ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ግን እየበዛ ነው። በሥጋ ቤትና በሆቴል ግቢ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚበላውን ማለቴ ነው። በአሜሪካ 48 የላብራዶር ውሾችን ከቡችላነት እስከ ሞት የተከታተለ ጥናት በ2002 ታትሟል። ግማሾቹ ከጓደኞቻቸው በ25 ከመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጣቸው ነበር፤ እነዚያ ወደ 2 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨምረው ኖሩ፤ የመገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ ያዛቸው። ለድመትም 1 ኪሎ ትርፍ ክብደት ቀላል አይደለም፤ 4 ኪሎ መሆን የሚገባት 5 ኪሎ ብትሆን፥ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 75 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን የወፈረችን ድመት በአንድ ጊዜ አታስርቧት፤ ለጥቂት ቀን ጨርሶ ካልበላች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ወራት መታገሥ ነው።

ሒሳብ ለሚወዱ የክፍል ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አንድ ሳሕን ከበላ 20 ኪሎ የሚመዝነው ስንት ይብላ? ሁለት ሳሕን የሚል ተሳስቷል። የሰውነት የምግብ ፍላጎት ክብደቱን ያህል አያድግም፤ ለ20 ኪሎው ውሻ 1.7 ሳሕን ገደማ ይበቃዋል። ትልልቅ ውሾች የሚወፍሩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ለቡችላ ግን መቀነስ የለም። ቡችላ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይብላ። ሥጋ ብቻ የሚሰጠው ቡችላ ካልሲየም ስለሚያንሰው እግሩ ይጐብጣል፤ የእንቁላል ቅርፊት ደርቆና ደቅቆ በምግቡ ላይ ጥቂት ሲነሰነስ ይረዳል።

ክብደቱን በቍጥር ማወቅ ለሚሻ ደግሞ ባስኩላ በከተማችን ሞልቷል፤ የቡና አገር ነንና። ሰው ውሻውን ታቅፎ ይመዘናል፤ ቀጥሎ ብቻውን ይመዘናል፤ ይቀናነሳል። በሰፈራችን ያሉ አንድ የቡና ነጋዴ ከውጭ ዘር የተዳቀለ ውሻ አላቸው፤ መጀመሪያ ሲመዘን 31 ኪሎ ነበር። የእንስሳት ሐኪም አማክረው ጮማውን ከለከሉት፥ ምግቡን በሳሕን ለክተው በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ይሰጡት ጀመር፥ ማታ ማታም በሶር ወንዝ መንገድ ያዞሩታል። በአራተኛው ወር 26 ኪሎ ሆነ። ዛሬም ወር በገባ ቍጥር የመጀመሪያው ጆንያ ባስኩላው ላይ ከመውጣቱ በፊት እርሱ ይመዘናል፤ ነጋዴውም ቍጥሩን በቡናው መዝገብ የኋላ ገጽ ላይ ይጽፉታል።